ጋሽ ሀብቶምና የቦሎቄ በርገራቸው

ጋሽ ሀብቶም ማረፋቸውን ከሰፈሩ ሰው መጀመሪያ የነገርኩት ለአትክልት ሻጯ ነው። እዚህ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ፣ ከቤታችን ጥግ ላይ ጃንጥላ ዘርግታ የምትሸጥ ሴት ናት፤ እንደ አገሩ ማማ ምቦጋ እንላታለን። ሱኩማ ጎመን ስትከትፍ ነበር የደረስኩት። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ካሮቴን እንደ ጧፍ ወደ ላይ እያነሱ የሚመረምሩት ምዜ፣ ሽማግሌው?» አለችኝ በስዋሂሊኛ።

«እሳቸው ናቸው።»

«ፖሌ ሳና፣ እግዜር ያጽናሽ፣ ሹሹ አያቴ። እንግዲህ ካሮቴን ማን ይሰድብልኛል?» አለች።

ልቅሶው ላይ ከሰማሁት ሁሉ እውነቱ ይሄ ነው። ልቅሶው ላይማ «ትሑት ነበሩ፣ ቃል አይመልሱም ነበር» ሲባል፣ የሌላ ሰው ልቅሶ ገብቼ እንዳይሆን ብዬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ዞር ብዬ አየሁ። እሳቸው ነበሩ፤ ያውም ፎቶግራፍ አንሺውን ሲገላምጡ።

ጋሽ ሀብቶም በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ጋራዥ ሲሠሩ አማርኛ የተማሩ ኤርትራዊ ናቸው። ከዚያ ናይሮቢ መጡ፤ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ መኪና ሥር ተኝተው አረጁ። አማርኛቸው የጋራዥ አማርኛ ነው። ሰው ሲታመም «ባትሪው ደክሞ ነው» ይላሉ። ስብከት ሲረዝም «ዛሬ ማርሽ አልቀየሩም» ይላሉ፣ ያውም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ያውም ጮክ ብለው። እኔን ልጄ ለሥራ ሲመጣ አብሮ አመጣኝና ከእሳቸው ጋር በአንድ ግድግዳ ተዋሰንን። እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው አንቺ ይሉኛል። ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ «በምን ሕግ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«በዕድሜ።»

«በስንት ይበልጡኛል?»

«መታወቂያሽን አምጪና እንተያይ፣ ወይዘሮ ዘውዴ።»

መታወቂያዬን አላመጣሁም። ነገሩ በዚያው ቀረ፤ ግን አልረሳሁላቸውም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ምሕረት በሕይወት ሳለች፣ ጋሽ ሀብቶም ማድ ቤት የሚገቡት ቧንቧ ሊጠግኑ ብቻ ነበር። እሷ ስታርፍ ሽሮ መሥራት ለመዱ። ጠዋት ሽሮ፣ ማታ ሽሮ። በግድግዳው በኩል የሽሮው ሽታ ሲመጣ «ዛሬም ማርሽ አልቀየሩም?» ብዬ እጮህላቸዋለሁ። እሳቸውም ግድግዳውን በማንኪያ ይመቱታል።

አንድ የልጅ ልጅ አለቻቸው፣ ሰላም። ፓርክላንድስ ከእናት ከአባቷ ጋር ትኖራለች፣ መሃል ከተማ ኮሌጅ ትማራለች። አባቷ የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆነ ቤታቸው የሚነገረው አማርኛ ነው፤ እሷ ግን አማርኛውን ከእንግሊዝኛና ከስዋሂሊ ጋር እንደ ሰላጣ ትቀላቅለዋለች። አያቷ ምሕረት ሳለች በየዓርቡ ትመጣ ነበር። ከዚያ በኋላ መምጣቷ እየሳሳ ሄደ። ብትመጣም ስልኳን እያየች ጠርዝ ላይ ትቀመጥና፣ «አቦይ፣ ሽሮ አጌን? ኖ፣ አልራበኝም» ትላለች። ከጓደኞቿ ጋር ከተማ ውስጥ በርገር እንደምትበላ፣ ያውም በሁዳዴ እንደምትበላ፣ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። የመጣው ይምጣ፣ ከጀርባ የሚወራን በፊት ለፊት መናገር ይሻለኛል።

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም።

«ልጅቷ የምትበላበት ቦታ እኔ የለሁም» አሉ። «እኔ ያለሁበት ቦታ እሷ አትበላም። ብልሽቱ የት ጋ እንደሆነ ታየኝ።»

«የት ጋ ነው?»

«ጠረጴዛው ላይ። በዚህ ጾም ከእኔ ጋር ቁጭ ብላ መብላት ካልጀመረች፣ ከፋሲካ በኋላ አትመጣም። መንገዱን ትረሳዋለች።» ቀጥለውም፣ «እኔ የምሞተው ሽሮ እየበላሁ ብቻዬን ነው ማለት ነው» አሉ፣ ልክ ስለ መኪና ጎማ እንደሚያወሩ።

በማግስቱ ከማማ ምቦጋ ቀይ ቦሎቄ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን ተሸክመው ሲመጡ አገኘኋቸው። ሰማያዊ የጋራዥ ቱታቸውን ለብሰዋል።

«ምን ሊሠሩ ነው?»

«በርገር። የጾም።»

«ሥጋ የሌለው በርገር?»

«ነጂ የሌለው መኪና እየተሠራ ነው ባሉበት ዘመን፣ አንቺ በዚህ ትገረሚያለሽ?»

ያን ዓርብ ሰላም መጣች። ጋሽ ሀብቶም ቦሎቄውን ቀቅለው፣ ከነውሃው መፍጫ ውስጥ ከተው፣ ካሮቱንም ጎመኑንም ጨምረው፣ እንደ ገንፎ አድርገውታል። መጥበሻው ላይ ሲያደርጉት ተዘረረ። ሊገለብጡት ሲሉ እኩሌታው ተነሣ፣ እኩሌታው ቀረ። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጡም፤ ዳቦው መሃል በማንኪያ ሞሉት። በዚህ በኩል ስትነክሰው በዚያ በኩል ወጣ። ሰላም ጣቷን ላሰችና፣ «አቦይ፣ ይሄ እኮ ፉል ነው» አለች።

እኔ ሳቄን ለመደበቅ ተነሥቼ መስኮት ከፈትኩ። የሚቀጥለው ዓርብ ሰላም ትራፊክ አለ ብላ ቀረች።

ያን ጊዜ ነው ጋሽ ሀብቶም ወደ እኔ በር የመጡት። «ሳይፈቱ አይጠግኑም» የምትል አባባል አለቻቸው፤ ራዲዮም ሲበላሽ፣ ባልና ሚስትም ሲጣሉ ይቺኑ ነው የሚሉት። ቆመው፣ «እስቲ ነይ ፍቺልኝ» አሉ። እሳቸው እርዳታ የሚለምኑበት አነጋገር ይሄ ነው እንግዲህ።

ፈታነው። ጠላታችን ውሃ ነበር። ካሮትና ጎመን ሲፋቁ የሚለቁት ውሃ እንደ ምንጭ ነው፤ በጨርቅ አድርጎ መጭመቅ ያስፈልጋል። ሻሼን ሰጠኋቸው። ቀይ ሥር ጨምቀውበት እንደ ሰማዕት ጨርቅ አድርገው መለሱልኝ፤ እስከ ዛሬ አልለቀቀም፣ ካሣም አልተቀበልኩም። ቦሎቄው በደንብ ከበሰለ በኋላ ትሪ ላይ ተበትኖ ይደርቃል። እሳቸው የአየር ማራገቢያ ከፊቱ አቆሙለት፤ «የጋለ ሞተር አይፈታም፣ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ» አሉ። እኩሌታው ይፈጫል፣ እኩሌታው በሹካ ብቻ ይደቆሳል፣ ጥርስ የሚያገኘው ነገር እንዲኖር። ሽንኩርቱ ቀስ ብሎ እስኪጣፍጥ ይበስላል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ በርበሬ።

አሁንም ግን ይሰነጣጠቅ ነበር። «በሶ ይጨመርበት» አልኩ።

«በሶ የመንገደኛ ነው።»

«ይሄም ከመጥበሻ እስከ ዳቦ መንገድ አለበት። እስካሁን አንዱም አልደረሰም።»

ሁለት ቀን አኮረፉ። ከዚያ በግድግዳው በኩል፣ «ወይዘሮ ዘውዴ፣ ያ በሶ የት አለ?» የሚል ድምፅ መጣ። የተቆላው የገብስ ዱቄት የቀረውን እርጥበት ጠጥቶ ነገሩን አንድ ላይ ያዘው። ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳርፈው ሲጠብሱት ዳር ዳሩ ቀላ፣ ሲገለበጥ እንዳለ ተገለበጠ። ጋሽ ሀብቶም መጥበሻውን ጆሯቸው አጠገብ ያዙና እንደ ሞተር አዳመጡት። «ተነሣ» አሉ።

አቮካዶ በሎሚና በቃሪያ መትተው ጨምረውበት በርገሩን ሰላም ፊት ያቀረቡ ዕለት፣ ልጅቷ ከመንከሷ በፊት ከሥር ከላይ አየችው። ነከሰች። አኘከች። ሁለታችንም ቆመን አፏን እናያለን፣ ሐኪም ቤት ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው።

«አቦይ፣ ዚስ ኢዝ አክቹዋሊ በርገር» አለች።

ጋሽ ሀብቶም ወደ እኔ ዞረው፣ «ምን አለች?» አሉ፤ መስማታቸውን አውቃለሁ፣ ሁለት ጊዜ ሊሰሙት ፈልገው ነው።

ለእኔ ግን ያ ቀን ሌላ ነገር ነበረው። የሰላም በርገር የጫማ ሶል ያህላል። የኔ የሸሚዝ ቁልፍ ያህላል። ባለ በሶዋ እኔ ነኝ፣ ባለ ሻሿ እኔ ነኝ።

«ጋሽ ሀብቶም፣ በጾም አድልዎ አለ?»

«ልጅ ናት፣ ታድጋለች።»

«እኔም አልጨረስኩም።»

በሚቀጥለው ዓርብ ከብረት ቱቦ ላይ የተቆረጠ ቀለበት ይዘው መጡ። ጠርዙን በሞረድ አለስልሰውታል፣ አፍልተው አጥበውታል። የቦሎቄውን ሊጥ በእሱ ውስጥ ጠቅጥቀው ያወጡታል፣ ሁሉም እኩል ይሆናል። ጠረጴዛው ላይ ጠቅ አድርገው አስቀመጡልኝና፣ «ይኸውልሽ ፍርድ ቤትሽ» አሉ። ከዚያ ጀምሮ ዳኛ ሆንኩ። በየዓርቡ መብላት ከመጀመራችን በፊት የኔን በርገር አንሥቼ በሰላም ላይ እደርበዋለሁ። ጠርዝ ለጠርዝ ልክ ነው።

«ደስ አለሽ፣ ዳኛ?» ይሉኛል። እሳቸው ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚበሉት፤ ምድጃው አጠገብ ቆመው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ በዳቦ ሸፍነው። ተቀመጡ ብንላቸውም «ሾፌር ቆሞ ነው የሚበላ» ይላሉ። የትኛው ሾፌር ቆሞ ሲበላ እንዳዩ አላውቅም።

ሰላም መምጣት አላቋረጠችም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደረጃው ላይ ኮቴዋ ይሰማል። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ትታ ስለ ኮሌጁ ታወራለች። አንዳንዴ ጓደኞቿን ታመጣለች። ጋሽ ሀብቶም ከማማ ምቦጋ ጋር በካሮት ሲጣሉ ድምፃቸው እስከ ቤት ድረስ መሰማት የጀመረው ያኔ ነው። «ይሄ ውሃ ነው እንጂ ካሮት አይደለም፣ ማማ» ይላሉ። እሷም «እንግዲያው ጠጡት» ትላቸዋለች።

እንግዲህ ወደ ዳቦው ልምጣ።

ዳቦውን ሁልጊዜ የሚገዙት እሳቸው ነበሩ፣ ከመንገዱ ማዶ ካለች ትንሽ ዳቦ ቤት። ለስላሳ፣ አናቱ እንደ ጫማ ቀለም የሚያበራ ክብ ዳቦ ነው። ሕማማት ሊገባ ሲል ጉልበታቸውን አመማቸውና እኔ ሄድኩ። ፊት ለፊት ሰልፍ ስለነበር በጓሮ በኩል ዞርኩ። አንድ ጎረምሳ ብሩሽ ይዞ ዳቦዎቹን አንድ በአንድ ይቀባል።

«ምንድነው የምትቀባው?»

«ማያይ፣ ሹሹ።» እንቁላል ማለቱ ነው። ከጎኑ ደግሞ የወተት ጄሪካን ቆሟል። ወደዚያ እንዳየሁ ሲያይ፣ «ሊጡ ደግሞ በወተት ነው፤ ለዚህ ነው የሚለሰልሰው» አለኝ፣ ኮራ ብሎ።

ባዶ እጄን ተመለስኩ። ሰላም ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብላለች። ጋሽ ሀብቶም መጥበሻው ላይ ናቸው። ስመለስ መንገዱን ሙሉ አስቤበታለሁ። ዝም ብል ፋሲካ ሊደርስ ነው፣ ያልፋል። ግን እሳቸው ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ የጾሙ ሰው ናቸው፤ አፋቸው ውስጥ የሚገባውን ማወቅ መብታቸው ነው። በሌላ ሰው ጾም ላይ እኔ አልፈርድም።

«ያ ዳቦ እንቁላል ይቀባል» አልኩ። «ሊጡም በወተት ነው። በዓይኔ አየሁ።»

ሰላም፣ «ሶ? አላወቅንም እኮ፣ አቦይ» አለች። እሳቸው እሳቱን አጠፉ። ቱታቸውን አወለቁ፣ አጣጠፉት፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። «ቦሎቄውን ፈታሁ፣ ካሮቱን ፈታሁ፣ በሶውን እንኳ ፈታሁ» አሉ። «ዳቦውን ዳቦ ነው ብዬ አለፍኩት።» መኝታ ቤት ገብተው ዘጉ።

እኔን ያናደደኝ ነገሩ ራሱ ነው። ጾም ያልያዘችውን ልጅ ወደ ጾም ማዕድ ያመጡ ሰው፣ ራሳቸው በየዓርቡ ሲገድፉ ኖሩ፤ እኔንም ጨምረው። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ገድፌ አላውቅም።

የሚቀጥለው ዓርብ ስቅለት ስለነበር ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ዋልን። እዚያ ጋሽ ሀብቶም ለንስሐ አባታቸው ነገሯቸው። አባም ባለማወቅ የሆነ ነው፣ ጸሎት አድርስ፣ ለወደፊቱ ስለ ዳቦውም ጠይቅ አሏቸው። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ «ግን እንዳይፈርስ ምን ታደርግበታለህ?» ብለው ጠየቁ። ይሄን የነገሩኝ ጋሽ ሀብቶም ራሳቸው ናቸው፤ ሳይስቁ። አባ ይቅር ቢሉም እሳቸው ለራሳቸው ይቅር አላሉም። ፋሲካ አለፈ። ዓርብ መጣ፣ በራቸው ዝግ ነው። ሰላም ደውላ «ልምጣ?» ስትል፣ «አትድከሚ፣ ትራፊክ አለ» አሏት። የሚቀጥለውም ዓርብ እንደዚያው። በግድግዳው በኩል የሽሮ ሽታ መጣ።

በራቸውን መታሁት። አልከፈቱም። «ጋሽ ሀብቶም» አልኩ በበሩ በኩል፣ «ሳይፈቱ አይጠግኑም ያሉኝ ማን ናቸው?»

«ምን የሚፈታ አለ?»

«ዳቦው።»

«እኔ ዳቦ አልጋግርም። ዳቦ የምሕረት ነበር።»

«እንግዲያው ልጅቷን ምን ባጠፋች ነው የሚቀጡት? የሚያጠፉት እርስዎ፣ የምትቀጣው እሷ። ይሄ የየትኛው አገር ፍርድ ነው?»

እኔም ወደ ቤቴ ገብቼ ለሰላም ደወልኩ። የሆነውን፣ የተባለውን፣ ያልተባለውን ሁሉ ነገርኳት። እኔ ምስጢር የምጠብቀው ተጠብቆ የሚጠቅም ሲሆን ብቻ ነው።

ዓርብ ዕለት ሰላም ሳትጠራ መጣች። ቦርሳዋ ውስጥ ዱቄትና እርሾ አለ። ልጅ ሆና ከአያቷ ሥር ሥር እያለች ሕምባሻ መጋገር ለምዳ ኖሯል፤ ማንም አልጠየቃትም እንጂ። ወይዘሮ ምሕረት ካረፈች ወዲህ እሳት ያልነካውን መጥበሻዋን ከቁም ሣጥን ሥር አወጣችው። ሊጡን በውሃና በዘይት ብቻ አቦካች። መዳፍ መዳፍ የሚያህሉ ትናንሽ ሕምባሻዎች አድርጋ፣ አናታቸውን በጣቷ ጫፍ እንደ አያቷ ጠለፈችው።

ጋሽ ሀብቶም በገዛ ማድ ቤታቸው መቆሚያ አጡ። «አቦይ፣ ዘይት። አቦይ፣ ከምድጃው ዞር በል። አቦይ፣ ሳሳ፣ አሁን ፎጣውን» ትላቸዋለች። እሳቸው ትሪ ይዘው ከግድግዳ ተጣብቀዋል። እኔን አዩኝ። «ከሾፌርነት ወደ ረዳትነት ወረድኩ» አሉ። ፊታቸው ግን የወረደ ሰው ፊት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ዓርብ በጾምም ይሁን በሌላ ጊዜ የእኛ ዓርብ ሆነ። ሰላም ለመብላት ትመጣ የነበረችው፣ አሁን ለመሥራት ትመጣለች። ለመብላት የመጣ ሰው ሲጠግብ ይሄዳል፤ እሷ ግን ሊጡ እስኪነሣ መጠበቅ አለባት፣ ሊጡ እስኪነሣ ደግሞ ይወራል። ያን ሁሉ የሰጠን ያ እንቁላል ነው ብል አባ ይቆጡኛል፣ ስለዚህ አልልም።

ክረምቱ ሲገባ ጋሽ ሀብቶም ደከሙ። ልጃቸው፣ የሰላም እናት፣ ፓርክላንድስ ወሰደቻቸው። ልጠይቃቸው ስሄድ አልጋ ላይ ሆነው፣ «ባትሪው ነው፣ ዳኛ» አሉኝ። «ማማ ምቦጋ እንዳታታልልሽ፣ ካሮቱን ሰብረሽ እዪ።» ወይዘሮ እንኳ ሳይሉኝ ነው ያሰናበቱኝ። በዚያው አረፉ።

ዘንድሮ የሁዳዴ የመጀመሪያው ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። ሰላም ናት። የእሳቸውን ቤት ሌላ ሰው ተከራይቶታል፣ ስለዚህ የእኔን በር መታች። የሕምባሻ ሊጥ በሳህን፣ ቦሎቄ በከረጢት ይዛለች፣ ሰማያዊውንም ቱታ እጅጌውን ጠቅልላ ለብሳዋለች። ከኪሱ ቀለበቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ሌላ አወጣች።

ሁለት ቀለበት። አንዱ አንዱ ውስጥ ይገባል።

«ይሄ ትንሹ የማነው?» አልኩ። ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ዓርብ አታለውኛል ማለት ነው። «ትንሹ የኔ ነበር አይደል?»

«ኖ፣ እማማ። የአንቺና የእኔ በትልቁ ነው። ይሄ የአቦይ ነው።»

የኔን ሁልጊዜ የምደርበው በሰላም ላይ ነበር። የእሳቸውን መደረብ አንድም ቀን አላሰብኩም። ጀርባቸውን ሰጥተው፣ በዳቦ ሸፍነው የሚበሉት ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። «የቦሎቄው ሊጥ ለሁላችንም በትልቁ አይደርስም ነበር» አለች ሰላም። «ዶንት ቴል ዳኛ ብሎኝ ነው።»

እንደዚያ ያለ ዓይን አውጣ አጭበርባሪ አይቼ አላውቅም። ዳኛ ብሎ ሾሞ፣ ቀለበት ቆርጦ ሰጥቶ፣ ከዳኛው ጀርባ ራሱን ይበድላል። በሕይወት ቢሆኑ ኖሮ የምላቸውን አውቅ ነበር። ሰላም ትንሹን ቀለበት አንሥታ በእሱ የራሷን ልትጠቀጥቅ ስትል ከእጇ ቀማኋት። በእኔ ቤት ሁለት ሚዛን የለም አልኳት፤ ቀለበቱን ኪሴ ከተትኩት።

በትልቁ ጠቀጠቅን። አንድ ለእኔ፣ አንድ ለእሷ። ልማድ ሆኖባት ሦስተኛ ሠርታ ኖሮ፣ መጥበሻው ላይ አንድ ተረፈ። ሁለታችንም አየነው።

«እናካፍለው» አለች፤ ቢላዋ አምጥታ ከመሃል ቆረጠችው። ለእኔ ያቀረበችው ትልቁን ቁራጭ ነው። ብዙ አይደለም፣ ጣት ያህል ነው ልዩነቱ። አየሁት። እሷም ማየቴን አየች፣ ቶሎ ብላ የእሷን በሕምባሻ ሸፈነችው።

ልፈርድ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ በርገሬን ነከስኩበት።